ማሽንን ሰላም የምትል ሴት

ባልደረባዬ ስልክ ስታነሳ እኔ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሳላጋንን ነው የምናገረው። ቢሯችን ነቀምቴ ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሥራችን በወለጋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተተከሉ ኮምፒውተሮችን መጠገንና መጠበቅ ሲሆን፣ ሠራተኞቹም እሷና እኔ ብቻ ነን። ከኑኑ ቁምባ አንድ ርዕሰ መምህር ማሽን አልሠራ ብሎት ሲደውል፣ እኔ ብሆን "የትኛው ማሽን ነው? ምን ይላል?" ብዬ በቀጥታ እገባበታለሁ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። "አከም ጂርቱ? ነጋዳ? ማቲን ፈያዳ? ኢጆሌን ነጋ?" ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የዘራው በቆሎ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃሉ፤ ለእያንዳንዱም መልስ ይጠበቃል። የማሽኑ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚህ ሰፈሩ፤ እኔ የተወለድኩት ወለጋ ነው። ኦሮምኛዬን ስናገር ወሎ ወሎ ይሸታል ብላ ትስቅብኛለች። ችኮላዬ ግን ከወሎ የመጣ አይደለም፣ የወሎ ሰውማ እሱም ሰላምታ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የራሴ ጠባይ ነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለች ስትተርትብኝ፣ "አንቺ ደግሞ ሳታፈሺም ሳትለቅሚም ይመሽብሻል" እላታለሁ።

እሷ እዚሁ ነቀምቴ የበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልጅ ናት። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ በሥራ ቀን ደግሞ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ በነጭ ፊደል ከማሽን ጋር ታወራለች። እኔ የብረቱ ሰው ነኝ፤ ገመድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ የተቃጠለ ቦርድ የኔ ነው። ማሽኑ ካስቸገረኝ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ እጭንበታለሁ። ይህን ስናገር ፊቷ ላይ የሚታየውን ሐዘን ባሳያችሁ። አንድ ሰው ሆዱን ባመመው አንገቱን ቁረጡለት ያልኩ ያህል ነው የምታየኝ።

የሷ መንገድ መጠየቅ ነው። ከቁልፎቿ ጋር አንድ ፍላሽ ታንጠለጥላለች፤ ውስጡ ራሷ የጻፈችው አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ዝርዝር አለ። የትም ትምህርት ቤት ስንሄድ ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት እሱን ታስኬዳለች። ስክሪፕቱ ምንም አይቀይርም፣ ማሽኑን ይጠይቃል እንጂ። ስንት ዲስክ ተሰክቶብሃል? የእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ምንድን ነው? ስንት ቦታውስ ተይዟል? የትኛው ዲስክ በየትኛው ፎልደር ላይ ተቀምጧል? የተከፈተው ለማንበብ ብቻ ነው ወይስ ለመጻፍም? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ስትነሳ እንዴት እንድታስቀምጣቸው ነው የታዘዝከው? ይህን ዲስክን በፎልደር ላይ ማስቀመጥ በኛ ሙያ ማውንት ማድረግ እንለዋለን። ዲስክ ስለተሰካ ብቻ ውስጡ አይታይም፤ ማሽኑ አንድ ፎልደር መርጦ "ቦታህ ይህ ነው" ሊለው ያስፈልጋል።

"አሁን የሚያደርገውንና አድርግ የተባለውን ጎን ለጎን ሳላይ አልፈርድበትም" ትላለች። እኔ እስቅባት ነበር። "አንቺ ማሽንንም ሰላም ሳትይ አታልፊም" ስላት አትቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

የሲሬው ጉዳይ የመጣው ክረምቱ ጠበቅ ሲል ነው። እዚያ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደወለ፤ ሰላምታው እንዳለቀ የነገራት ነገር ግን እኔንም ሻይዬን አስቀመጠኝ።

የትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ መምህርት እንቅርት ነበረባቸው። ሐኪሞቹ መውጣት አለበት አሉ። ግን የድምፅ ጅማት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል ብለው አስጠነቀቋቸው። መምህርቷ ምን አደረጉ? ለቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ሲሰጣቸው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ይዘው ገቡና የሂሳቡን ትምህርት ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው በድምፃቸው ቀድተው በትምህርት ቤቱ ዋና ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሆስፒታል ገቡ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ድምፃቸው ግን ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩን ቢከፍቱት የሌሎች መምህራን ትምህርት ሁሉ አለ፣ የሳቸው አንዱም የለም። ቅጂ እንኳ አልያዙም፤ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ በትምህርት ቤቱ የተከለከለ ነበር።

በዚያ ላይ በቀጣዩ ሰኞ ማሽኖቹ በሙሉ ተጠርገው አዲስ ሲስተም እንዲጫንባቸው ታዝዟል። ሰኞ ካለፈ በኋላ የሚፈለግ ነገር አይኖርም።

"ጠፍቷል ማለት ነው" አልኳት ስልኩን ስትዘጋ።

"ጠፍቷል አይባልም" አለችኝ ቦርሳዋን እያነሳች። "የት እንዳለ ገና ማን ጠየቀ?"

በማግስቱ በሚኒባስ ሲሬ ደረስን። መምህርቷ ራሳቸው ፌርማታው ላይ ጃንጥላ ይዘው ይጠብቁናል፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ጠባሳውን ሸፍነውታል። ባልደረባዬ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሰላምታዋን ጀመረች። መቼም ዛሬ ታሳጥረዋለች ብዬ ነበር፤ መልስ መስጠት የማይችል ሰው ምን ይጠየቃል? አንዱንም አልዘለለችም። ጤናቸውን ጠየቀች፣ ጠበቀች፤ መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቻቸውን ጠየቀች፣ ጠበቀች፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ድምፅ ላለው ሰው የምትሰጠውን ያህል ጊዜ ሰጠቻቸው። ሰዉ ሁሉ እያዘነላቸው ነገር ሲያሳጥርባቸው ከርሞ ይመስለኛል፣ የመምህርቷ ፊት ሲፈታ አየሁ። ባልደረባዬን በጣም አከበርኳት።

ዋናው ኮምፒውተር ያለው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው። ጎኑ ላይ ሁለት መልካቸው የሚመሳሰል ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ተሰክተዋል፤ አንዱ የትምህርት፣ አንዱ የጽሕፈት ቤቱ ሰነዶች። ርዕሰ መምህሩ የትምህርቱን ፎልደር ከፍቶ አሳየን። እውነትም የመምህርቷ የለም።

"ጭንቅ ላይ ነበሩ" አለ በለሆሳስ። "ቀድተው ሳያስቀምጡት ቀርተው ይሆናል።"

መምህርቷ ሰሙት። ከጉሮሯቸው የወጣው ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ ነበር። "አስቀምጫለሁ።" ዓይናቸው ግን ራሳቸውን መጠራጠር እንደጀመሩ ይናገር ነበር።

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ እንግዶቹን ሰላም ሊሉ ገቡ። ባልደረባዬ ፍላሿን አስቀምጣ ብድግ አለች። በሆዴ "በቃ፣ ዛሬ አለቀልን" አልኩ። ቤተሰብ፣ ከብት፣ ማሳ፣ ከዚያ ዝናብ ላይ ደረሱ። "ሮብኒ አከም?" አለቻቸው። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አባ ኮ፣ ኢንተለ ኮ፣ አባቴ፣ ልጄ የተባባሉትን ብቻ እንዳለ ትቼዋለሁ።

"ዝናቡስ ጥሩ ነው፣ መብረቁ ነው ያስቸገረን" አሉ ሽማግሌው። "አምና እዚህ ጎረቤት የሰው ቴሌቪዥን አቃጠለ። እኔ ግን ለዚህ ቤት አልተኛለትም። ገና ሰማዩ ሲያጉረመርም እገባና ያለውን ገመድ ሁሉ እነቅላለሁ። ሲያባራ መልሼ እሰካለሁ።"

ባልደረባዬ ዓይኗን ወደ ተሰኩት ገመዶች መለሰች። "ሲመልሱት አባ ኮ፣ እያንዳንዱን በነበረበት ቀዳዳ ነው?"

"ኢንተለ ኮ፣ ቀዳዳው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደል? ባገኘሁት እሰካዋለሁ።"

"ገለቶማ" ብላ አመሰገነቻቸው፣ ከልቧ።

ተቀምጣ ስክሪፕቱን አስኬደች። ነጫጮቹ መስመሮች ወረዱ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ፤ ለኔ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ የትምህርቱ ዲስክ በትምህርቱ ፎልደር ላይ ተቀምጧል፣ ለመጻፍም ክፍት ነው። እሷ ግን ጣቷን ታችኛው መስመር ላይ አሳረፈች። ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው ትእዛዝ ነው።

"እየው" አለችኝ። "ይህን ማሽን መጀመሪያ ያሰናዳው ሰው ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ አልጻፈውም። በአመጣጥ ተራው ነው የጻፈው፤ 'ከውጪ ዲስኮች ቀድሞ የተገኘውን በትምህርቱ ፎልደር ላይ አስቀምጥ' ብሎ። ከጎኑ ደግሞ 'ካልሆነልህ ተወውና ዝም ብለህ ተነስ' የሚል ጨምሮበታል። ሌላም አለ። ዋናው ዲስክ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው የራሱ ዲስክ፣ የሚታይበት ፋይል ጥቂት ነው፣ የተያዘው ቦታ ግን ብዙ ነው። የማይታይ ነገር ተሸክሟል።"

ወደ መምህርቷ ዞራ በኦሮምኛ መምህርት ብላ ጠራቻቸው። "በርሲስቱ፣ ሲቀዱ በነበረ ጊዜ የሌሎቹ መምህራን ትምህርት ፎልደሩ ውስጥ ይታይዎት ነበር?"

መምህርቷ አሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት አንዱን ስበው ጻፉና ለርዕሰ መምህሩ ሰጡት፤ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው። "ባዶ ነበር። ለኔ ብለህ ያጸዳህልኝ መስሎኝ ነበር። ሳላመሰግንህ ሆስፒታል ገባሁ ብዬ አዝኜ ነበር።" ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ለመቀመጥ ወንበር ፈለገ።

እኔ አሁንም አልገባኝም። "ምንድን ነው? የት ነው ያለው?" ማለት ስጀምር ሰማዩ አጉረመረመ። ሽማግሌው ጥበቃ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ገመዶቹ ላይ ነው።

"አንድ ጊዜ አባባ! እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ!" አልኩ። ባልደረባዬ ግን ማሽኑን በሥርዓት እየዘጋች ነበር። "መብረቅ ቀጠሮ አያከብርም" አለችኝ፤ ለሽማግሌውም ራሷ ከወንበሯ ተነስታ ቦታ ለቀቀችላቸው። አንድ በአንድ ነቃቀሉት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ጣሪያው እንዲያ ሲጮህ መነጋገር አይቻልም፤ አምስታችንም የተዘጋውን ማሽን ከበን ተቀመጥን። እኔ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ።

ዝናቡ ቀንሶ ጠብ ጠብ ሲል አስረዳችን። "አልጋ ላይ ቀሚስ አስቀምጣችሁ ሌላ ፍራሽ ብታነጥፉበት ቀሚሱ ጠፋ ይባላል? አይታይም እንጂ እዚያው አለ። ያን ሰሞን ዝናብ መጥቶ ገመዱ ሲነቀልና ሲመለስ የሁለቱ ዲስኮች ተራ ተገለበጠ። የጽሕፈት ቤቱ ዲስክ ቀድሞ ተገኘ፤ ውጪው ቢመሳሰልም ውስጡ የተሰናዳበት ዓይነት ሌላ ስለሆነ ማሽኑ ሊያስቀምጠው አልቻለም፣ እንደታዘዘውም ዝም ብሎ ተነሳ። ፎልደሩ ያለ ፍራሽ ቀረ። በርሲስቱ ባዶ ያዩት ለዚያ ነው፤ የቀዱትም እዚያው፣ ዋናው ዲስክ ላይ ገባ። ኋላ በሌላ ዝናብ ተራው ሲስተካከል የትምህርቱ ዲስክ ተመልሶ መጣና ከላይ ተነጠፈ።"

ከኔ በፊት የገባቸው መምህርቷ ናቸው። አንዱን መዳፋቸውን በሌላው ላይ ከደኑና፣ የላይኛውን ቀስ ብለው አነሱት። ባልደረባዬ ሳቀች። "እንደሱ ነው፣ በርሲስቱ። በትእዛዝ ላነሳው እችላለሁ። ግን መጀመሪያ አባ እንዴት እንደሚሰኩት እንይ።"

ለሽማግሌው "እንደለመዱት ይሰኩ፣ እኔ አልናገርም" አለቻቸው። ሰኩ። ማሽኑ ተነሳ። ስክሪፕቱን እንደገና አስኬደችው፤ የጽሕፈት ቤቱ ዲስክ ቀድሞ ተገኝቷል፣ የትምህርቱ ዲስክ የትም አልተቀመጠም፣ ማሽኑም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተነስቷል። ማውሱን ወደ መምህርቷ ገፋችላቸው። "እርስዎ ይክፈቱት።"

ከፈቱት። ምዕራፎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ርዕሰ መምህሩ "ዋቀዮ!" ብሎ አምላኩን ጠራ። መምህርቷ ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። መጀመሪያ ሁሉንም ሁለት ቦታ ቀዳችው። ከዚያ የማሽኑን ትእዛዝ ከፍታ የአመጣጥ ተራውን አጠፋችና የዲስኩን የራሱን መለያ ቁጥር ጻፈችበት፤ "ዝም ብለህ ተነስ" የሚለውንም አነሳችው፤ ዲስኩን ካጣው ከእንግዲህ ቆሞ ይናገራል። እኔ ብሆን ኖሮ ቀዳዳዎቹ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ሽማግሌውን "ሁለተኛ እንዳይነኩ" ብዬ አስጠንቅቄ ነበር የምሄደው። እሷ ያረመችው ማሽኑን ነው። ሽማግሌውን "አባ ኮ፣ ሲያጉረመርም ይንቀሉ፣ ሲያባራ በፈለጉት ቀዳዳ ይሰኩ። ይህን ቤት ከመብረቅ ያዳኑት እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን ተረት ስሰማው ነው የኖርኩት፤ ሲሠራበት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ያሰብኳቸው የምስጋና ቃላት ሁሉ አነሱብኝ፣ ስለዚህ ገመዶቿን ጠቅልዬ ቦርሳዋን ተሸከምኩላት።

"አንዱን እንስማው እንጂ" ያለው ርዕሰ መምህሩ ነው። ስፒከሩን ሰካ፤ መምህርቷ ከመሃል አንድ ምዕራፍ መረጡ።

ድምፃቸውን እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወፍራም፣ ደልዳላ፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰነፍ የሚቀሰቅስ የአስተማሪ ድምፅ ነው። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል በኦሮምኛ እያስረዱ ነው፤ ጠመኔው ሰሌዳውን ሲነካ ይሰማል። መምህርቷ አጠገባችን ቆመው፣ እጃቸውን ነጠላው ላይ፣ አንገታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ያዳምጣሉ። ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ምሳሌው አለቀ። ድምፁ "ኢሲኒ ገሌራ?" ብሎ ጠየቀ፤ ገባችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቅጂው ዝም አለ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲቀዱ፣ ለተማሪዎቹ መልስ ቦታ ትተውላቸው ነበር።

መጀመሪያ አዎ ብለው የመለሱት ሽማግሌው ጥበቃ ናቸው። "ኤዬ፣ በርሲስቱ።" ባልደረባዬ ተከተለች፣ ርዕሰ መምህሩ ተከተለ፣ እኔም በወሎ ኦሮምኛዬ። "ኤዬ፣ በርሲስቱ።"

"ቶሌ" አለ የመምህርቷ ድምፅ፣ የሰማን ይመስል ጥሩ ብሎን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።